የታች ጥርስ

«አፍዎን አይዝጉ፣ አባባ፤ አንዷ ብቻ ቀረች።»

ኑርሁሴን አፉን እንደከፈተ በዓይኑ ተቆጣ። አባባ! ወጣቷ የጥርስ ሐኪም ሚስራ ግን ሰማያዊውን መብራት ወደ ተሰበሩት ሁለት የፊት ጥርሶቹ አስጠጋች። በላያቸው የለጠፈችው ሊጥ መሳይ ነገር በብርሃኑ ደርቆ ጠነከረ። ሞረደችው፣ አለሰለሰችውና መስታወት ሰጠችው።

ስብራቱ የለም። የላይ ጥርሶቹ እንደ ጎረምሳ ሞልተዋል።

«ወላሂ! እስቲ አሁን አባባ በይኝ!»

«ወንድም ጋሼ ልበልዎት?»

ሁለቱም ሳቁ። ሐሙስ ኒካሑ ይታሰራል። ሙሽራዋ፣ የጨፋ ሮቢቷ ዓፊያ፣ ባሏ የሞተባት ናት፤ ሽማግሌ ሲላክባት የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «አንድ ሽማግሌ ባል ቀብሬያለሁ፤ ሁለተኛ አልቀብርም። ዕድሜህን ንገረኝ።» የኑርሁሴንን ልደት የጻፈ የለም። የቀበሌው ጸሐፊ በግምት በሞላው መታወቂያ ሃምሳ ሁለት ነው፤ እሱም ሃምሳ ሁለት ነኝ ብሎ በአላህ ስም ማለላት። ሲምል የዋሸ አልመሰለውም።

«ለካርድዎ ያነሳሁት ነው፤ ይዩት» አለች ሚስራ ስልኳን እያቀበለችው።

ምስሉ ፊት የለውም፤ የተከፈተ አፍ ብቻ ነው። የኑርሁሴን ዓይን አዲሶቹን ጥርሶች አልፎ እንደ ልማዱ ወደ ታች ወረደ። ከልጅነቱ ጀምሮ በሰንበቴ ገበያ የከብት ደላላ ነው። በሬ ሲቀርብለት ቀንድም ሻኛም አያይም፤ የታችኛውን ከንፈር በአውራ ጣቱ ገልጦ ዕድሜውን ይናገራል። ሻጭም ገዢም አይከራከረውም።

የታች ጥርሶቹ ተበልተው አልቀዋል፤ አጥረውና ተራርቀው እንደ ችካል ቆመዋል።

«ይሄማ ያለቀ ነው» አለ ሳያስበው፣ በገበያ ድምፁ። «ቀንበር አይችልም።»

ከዚያ አፉ የማን እንደሆነ ትዝ አለው።

ስልኩን አራቀው፣ መልሶ አቀረበው። ሃምሳ ሁለት አይደለም። ስድሳም አይደለም። ሰባን ሊነካ ነው፤ እሱ ደግሞ በጥርስ ተሳስቶ አያውቅም።

«ሱብሐነላህ…» አለ።

«አብሽሩ፣ የታቹንም እሠራልዎታለሁ። ማንም አይለየውም።»

ባለፈው ገበያ፣ በሬው ወጣት እንዲመስል ጥርሱን ሞርዶ ያመጣ ሰውዬ ነበር። በሕዝብ ፊት ያዋረደው ኑርሁሴን ራሱ ነው።

የራሱ ስልክ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። ዓፊያ ናት፣ በቪዲዮ።

«እስቲ ሳቅ! አዲሱን ጥርስ አሳየኝ!»

አልሳቀም።

«ማል ታኤ? ምን ሆነሃል?»

የከብት ነጋዴ ልጅ ናት፤ ዕድሜን ከጥርስ ለማንበብ አትቸገርም። ኑርሁሴን ፊቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን መለሰ። ስልኩን ከአፉ አስጠጋ፤ አውራ ጣቱን የታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳረፈና ወደ ታች ገለጠው።