የጓንጉል ለቀስተኞች

ባሌ ጓንጉል የተቀበረ ዕለት ድንኳኑ ሞልቶ ነበር፤ ሰው ግን አልነበረም። አሁን ለቅሶ የሚደርሰው ስልክ ነው። ሰዉ ስልኩን በሞተረኛ ይልካል፣ ተቀብለሽ ወንበር ላይ ታስቀምጪዋለሽ፣ እሱ በባለቤቱ ድምፅ ያለቅስልሻል። ዕድሩም ሰውየው እንደመጣ ይቆጥርለታል። ድሮ ሐዘንተኛ እሳት አትነካም ነበር። እኔ ግን የባሌን ንፍሮ ራሴ ቀቀልኩት፤ የሚዘግንም አልተገኘ።

የቀብሩ ሰዓት ሲደርስ ወንድሜ ታፈረ የላከው ስልክ ፊት ቆምኩ። "ወይኔ ጋሼን! ወይኔ መከታዬን!" እያለ ይንሰቀሰቃል።

"ታፈረ፣ ልቅሶው ይበቃል። ሳጥኑን የሚያነሳ ሰው አጥቻለሁ፤ ቶሎ ና።"

"መጥቻለሁ እኮ እታለም፣ ይኸው አጠገብሽ ነኝ።"

"አጠገቤ ከሆንክ ተነሳና ያዝ!"

ስልኩ ካቆመበት ማልቀሱን ቀጠለ።

በእግሯ የመጣችው ጎረቤቴ ጥሩሰው ብቻ ናት።

"አንቺስ ሰው ነሽ፣ እግዜር ይስጥሽ" ብላት አፈረች።

"ስልኬ ተሰብሮብኝ እኮ ነው።"

"እንኳን ተሰበረ! በይ ያዥ።"

ቤተ ክርስቲያኑ ከመንገዱ ማዶ ነው። ሁለታችን ሳጥኑን በራስጌው በኩል አነሳነው። በግርጌው የሚይዝልን ስላልነበረ ጭቃውን እያረሰ ተከተለን። ከግቢው ስንወጣ፣ ከኋላችን ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶው ደመቀ።