ያልተቀባው ባሕር

ሽታዬ ባሕሩን ለመጨረስ የቀራት ቀለሙ ብቻ ነበር።

ባሕር አይታ አታውቅም። ጎንደር ላይ ሃያ ሰባት ዓመት ሥዕል ስታስተምር የሣለችው ተራራና ቤተ ክርስቲያን ነው። ባሕር የሚወደው ባሏ ሙሉሰው ነበር። በወጣትነቴ ስድስት ዓመት ምጽዋ መርከብ ላይ ሠርቻለሁ ይል ነበር።

እሑድ ሙት ዓመቱ ነው። ለዚያ ቀን እንዲደርስላት ሽቦ ጠምዝዛ፣ በጀሶ ሸፍና፣ የጠርሙስ ስባሪና የጀሪካን ቁራጭ እየለጠፈች ማዕበሉን አቆመችው። በሆዱ አሸዋና ቆርኪ ጨመረች። ሲያዘነብሉት ድምፁ እየሸሸ ይመለሳል፣ ሙሉሰው ይነግራት እንደነበረው።

ስለ ባሕሩ ድምፅ፣ ስለ ሽታው፣ ከንፈር ላይ ስለሚቀረው ጨው ማውራት አይሰለቸውም ነበር። ቀለሙን ስትጠይቀው ግን ዝም ይላል። ተነሥቶ በሩን ይከፍታል።

«ሴት አለችበት» አለች እህቱ አልማዝ፣ ነጩን ማዕበል እየዞረች። «እሷ ትዝ ስትለው ነበር ዝም የሚል። አለዚያማ የተራራ አገሩ የድብ ባሕር ልጅ ከባሕር ምን አገናኘው?»

«ተይው እንግዲህ፤ ሞቷል።»

«ነገ ልጁ ነኝ ባይ ሲመጣ ትጠሪኛለሽ።»

ሽታዬ የጀሶውን አቧራ ከእጇ አራገፈች። ደክሟት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት አጠገቡ ተኝታለች። ሰው ሁሉ ተሸፋፍኖ በሚያድርበት ብርድ፣ እሱ ጋቢውን ከአንገቱ በላይ አሳልፎ አያውቅም። አልማዝ «ሙቀት አገር የለመደ» እያለች ትስቅበት ነበር። አሁን ያም ሳቅ ሌላ ነገር መሰላት።

ከማስታወሻ ደብተሩ «ክንዱ፣ የምጽዋው» የሚል ስልክ አገኘችና ደወለች። ሰውዬው ቅዳሜ ከአዲ አርቃይ ተሳፍሮ መጣ። ፒያሳ ተቀብላው በባጃጅ ወደ ቤት ወሰደችው።

ክንዱ ሸምግሏል። ማዕበሉ ፊት ቆመና ዓይኑን ጨፈነ። ሽታዬ አዘነበለችለት። አሸዋው ሸሸ፣ ተመለሰ።

«ይኸው ነው» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። «ሸጋ አድርገሽ ሠርተሽዋል፣ እቴ። ራሱ ነው።»

«አያ ክንዱ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እዚያ ሴት ነበረችው?»

«ሴት?» ሽማግሌው ሊስቅ ቃጣው። «ከየት መጥታ?»

«ታዲያ ምነው ቀለሙን ደበቀኝ?» ሁለቱን የቀለም ጣሳዎች ከፍታ አስጠጋችለት። «ሰማያዊ ነው፣ አረንጓዴ? ነገ ሰው ይመጣል፤ ዛሬ ልቀባው።»

ክንዱ ጣሳዎቹን በየተራ አያቸው።

«እኔስ የት አይቼው?» አለ። «የታሰርንበት ክፍል መስኮት አልነበረውም። ስንገባም፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ስንወጣም፣ ዓይናችንን በጨርቅ አስረውን ነው።»