በማግስቱ የሚቀልጥ ሥዕል

ማሸጊያ ሁሉ በተከፈተ በማግስቱ ውሃ እንዲሆን ከተደነገገ ወዲህ ሐዋሳ ውስጥ ቆሻሻ የለም። ጥሩወርቅ ግን ከወተት ከረጢትና ከእርጎ ኩባያ ሥዕል መሥራቷን አልተወችም። አንድ ቀን የሟች ልጇን የምንታምርን ፊት ሠራችና፣ ከቀብሩ ወዲህ ከአልጋ ላልወረደው ባሏ ለደምሰው አሳየችው።

«ራሷ ናት!» አለ ጉንጯን እየዳሰሰ። «ምን ያደርጋል፣ ነገ ይቀልጣል።»

«ይቅለጥ። ዛሬን እያት።»

ጠዋት ወለሉ ላይ ውሃ ብቻ ቀረ። ጥሩወርቅ መወልወያውን እንደያዘች አለቀሰች።

«የልጄን ፊት እንዴት ብዬ ልወልውል?»

ደምሰው ቀስ ብሎ ከአልጋው ወረደ። መወልወያውን ተቀበላትና ወለሉን በእርጋታ አደረቀው። ከዚያ ጫማውን ፈለገ።

«ወዴት ነው?»

«ወተት ልገዛ። ዛሬም እንሠራታለን፤ ፀጉሯን ግን ለእኔ ተይልኝ። ድሮስ የምሠራላት እኔ አልነበርኩ?»