ድምፅ ከጋብቻ በፊት

«አሁኑኑ ካልተጋባችሁ እሄዳለሁ፤ ጀልባው አይጠብቀኝም!» ይላሉ ቄስ ሄንድሪክ ከመጠጥ ቤቱ በር ላይ ሆነው። ወደዚህ የአሜሪካ፣ የኒው ጀርሲ መንደር የሚመለሱት በረዶው ከቀለጠ በኋላ ነው።

ሙሽራው ገሪት ከሰልፉ ፊት፣ ከድምፅ መስጫው ሣጥን አጠገብ ቆሟል። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1800 ነው፤ ፕሬዚዳንቱን የሚሰይሙትን ሰዎች የሚመርጠው የግዛቱ ምክር ቤት ዛሬ ይመረጣል። ሙሽራዋ ፌምከ ግን የሠርግ ቀሚሷ በልኳ እስኪጠብ አርፍዳ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ናት።

«ትንሽ ይታገሱኝ አባቴ!» ትላለች ከወዲያ። «እንደኔ ባሏ የሞተባት፣ መሬት ያላት ሴት ትመርጣለች፤ ያገባች አትመርጥም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም!»

«ገሪት፣ አንተ ለአዳምስ፣ እሷ ለጄፈርሰን!» ይላል ዳቦ ጋጋሪው። «አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ፕሬዚዳንት ልታኖሩ ነው?»

ሰልፈኛው በሳቅ ይንተከተካል። የገሪት ጆሮ ይቀላል። ፌምከን እሺ ለማሰኘት ዓመታት ፈጅቶበታል። ቄሱ ከሄዱ እስከ ፀደይ ሐሳቧን ብትቀይርስ? አሁን ቢጋቡ ደግሞ ድምፅዋ ይቀራል።

ቄሱ መጽሐፋቸውን ብብታቸው ሥር ይከታሉ።

ገሪት ሰው ፊት ጮክ ብሎ ተናግሮ አያውቅም። «ፌምከ!» ሲል ድምፁ ለራሱም እንግዳ ይሆንበታል። «ነይ፣ እኔ ቦታ ግቢ! እኔ ከኋላ እሰለፋለሁ።»

«አንተ ሰውዬ፣» ይላል አንጥረኛው፣ «የጄፈርሰንን ሰው ታሳልፋለህ?»

«ሚስቴን ነው ያሳለፍኩት።»

«ገና ነኝ!» ትላለች ፌምከ ቀሚሷን ሰብስባ እየሮጠች። «ወረቀቴ ሣጥን እስኪገባ አፍህን ያዝ!»

ወረቀቷ ሲገባ ቄሱ ትንፋሽ ሳይወስዱ መጽሐፉን ይከፍታሉ። ጋብቻው እዚያው፣ ገሪት በተሰለፈበት ይፈጸማል። ዳቦ ጋጋሪው ባርኔጣውን አውልቆ ምስክር ይሆናል።

ቄሱ ወደ ጀልባው ሲሮጡ፣ ፌምከ የባሏን ክንድ ይዛ አብራው ትሰለፋለች።

«ለአሁኑ እንደፈለግህ ምረጥ» ትለዋለች። «ከአራት ዓመት በኋላ ግን ያንተን ወረቀት ተጨቃጭቀን ነው የምንጽፈው።»

ገሪት ጭቅጭቁ ከወዲሁ ይታየዋል፤ ደስም ይለዋል። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አብረው አንድ እርምጃ ይራመዳሉ። ክንዱ ላይ ባረፈው ጣቷ ላይ፣ ከአዲሱ ቀለበት ከፍ ብሎ፣ የመረጠቻቸውን ስሞች ስትጽፍ የነካት ጥቁር ቀለም ገና አልደረቀም።