በእሬት የተቀባው ቀን

አማቴ እቴቴ ሸጊቱ ቢላዋቸውን ይዘው ወደ አጥሩ ጥግ ይሄዳሉ። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ የሸሚዜን ቁልፍ እፈታለሁ።

«መጀመሪያ በደንብ ታጠቢው» ይሉኛል ዞር ሳይሉ። «ላብ ካለው አይዝም።»

የባለቤቴ የገዳ አባት ጤፍ ይዘሩበት የነበረው የላፍቶ መሬት ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። ለእኛ የቀረን ይህ ግቢ ነው፤ በግቢው ውስጥ ደግሞ የድሮውን ድንበር ይዞ የቀረው ይህ እሬት ብቻ። አማቴ ልጆቻቸውን ሁሉ ጡት ያስጣሉት ከዚሁ እየቆረጡ ነው። «ገዳ እኮ ምርር ብሎት እያለቀሰ ነበር ተመልሶ የሚጠባው» ይላሉ ሁልጊዜ። «ያኔም ሆዳም ነበር።»

ዛሬ ግን ይህንን አይናገሩም። ነገ ማታ ለአንድ ዓመት ትምህርት ወደ ቤልጂየም እበራለሁ፤ ሁለት ዓመቷን ልትደፍን ጥቂት የቀራት ልጄ ሲፈን ደግሞ እስካሁን ያለ ጡት አትተኛም።

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ስንቷን እናት «እሬት ብሎ ነገር የለም፣ ቀስ በቀስ ነው የሚተወው» ብዬ መክሬያለሁ። ለራሴም ሞክሬዋለሁ። በኩባያ ወተት አልኩ፣ አጥሚት አልኩ፣ በመጨረሻም ሌላ ክፍል ገብቼ ቆለፍኩ። እሷ በሩን ስትደበድብ አደረች፣ እኔም ከበሩ ጀርባ ቁጭ ብዬ አደርኩ። ሲነጋ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

«ሳታስጥያት ከሄድሽ ሌሊቱን ሙሉ አንቺን ስትፈልግ ነው የምታድረው» ብለውኛል እቴቴ ትናንት። «እኔ በምን አባብላታለሁ? ሴና ኮ፣ የኔ ሴና፣ ተስፋ የምትቆርጥ ከሆነ እቅፍሽ ውስጥ ሆና ትቁረጥ።»

እሺ አልኳቸው።

ገዳ በሩ አጠገብ ሻንጣዬን በእጅ ሚዛን አንጠልጥሎ ቁጥሩን ያነባል። እናቱ ቅጠሉን ይዘው ሲመጡ ሲያይ ሻንጣውን ያስቀምጠዋል።

«ካርድ ልግዛ፣ መጣሁ» ብሎ ይወጣል። ካርድ ትናንት እንደሞላ አውቃለሁ። እኔም የምሄድበት ሱቅ ቢኖር ደስ ባለኝ።

ሲፈን ግቢው ውስጥ ዶሮ ታባርራለች። ዶሮዋ በሻንጣው ጎን ትሾልካለች፣ ልጅቷ ግን ተደናቅፋ በጉልበቷ ትወድቃለች። አፏን ለለቅሶ ስትከፍት እቴቴ ቅጠሉን በአንድ እጃቸው እንደያዙ ቁጢጥ ይላሉ።

«ኮቱ! ነይ ወደ እኔ! እፍፍ! ዳነ!»

ሲፈን ጉልበቷን ታያለች፣ አያቷን ታያለች። «ዳነ» ትላለች፣ ታምናለች። እዚህ ቤት እፍ የተባለ ነገር ሁሉ ይድናል።

እቴቴ ቅጠሉን መሃል ለመሃል ሰንጥቀው ይሰጡኛል። ቢጫው ፈሳሽ ጣቴ ላይ ይወርዳል፣ ይቀዘቅዛል። ምላሴን ባላስነካውም ምሬቱ ጉሮሮዬ ድረስ ይሰማኛል። ቅጠሉን ቢቀበሉኝ ብዬ ቀና እላለሁ። አይቀበሉኝም።

«ሁለቱንም» ይላሉ በቀስታ።

እቀባለሁ።

ሲፈን ከወደቀች በኋላ እንደ ልማዷ ትመጣለች። «ጡጡ» ትላለች። ጭኔ ላይ ወጥታ፣ አንድ እጇን አንገቴ ላይ ጣል አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትይዘዋለች።

ወዲያው ትለቃለች። ፊቷ ጭምድድ ይላል። ትተፋለች፣ ምላሷን በመዳፏ ትጠርጋለች፣ እንደገና ትተፋለች። ጩኸቱን እጠብቃለሁ። ትምታኝ፣ ትቧጭረኝ፣ ወርዳ ወደ አያቷ ትሩጥ። እውነቱን ለመናገር እንድትቆጣኝ እፈልጋለሁ። ተቀይማኝ ብትቀር መንገዱ ይቀለኝ ነበር።

አትጮህም። ቢጫውን ቅባት ታየዋለች። ከዚያ ፊቴን። እንባዬን መደበቅ ነበረብኝ፣ አልቻልኩም።

«አሞታል?» ትላለች።

የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ጡቴን ትጠርጋለች፣ ልክ እኔ አፍንጫዋን እንደምጠርግላት፣ ቀስ አድርጋ። ጉንጯን ትነፋለች።

«እፍፍ!»

ምራቋ ደረቴ ላይ ይረጫል። ቀና ብላ በጉጉት ታየኛለች።

«ዳነ?»

እቴቴ ሸጊቱ ፊታቸውን ወደ አጥሩ ያዞራሉ። ኮንዶሚኒየሙ ላይ አንዲት ሴት አንሶላ ታሰጣለች። ማንም አይረዳኝም። ዳነ ካልኩ አሁኑኑ ተመልሳ ትይዘዋለች፣ ነገ ማታም ይህንኑ ፍለጋ ክፍል ለክፍል ትዞራለች። እሷ ደግሞ የምላትን ሁሉ ታምናለች።

«አልዳነም» እላታለሁ። «አልዳነም፣ የኔ እናት።»

ታስባለች። ዝቅ ብላ የሸሚዜን ግራና ቀኝ ታገናኛለች። ቁልፉ ለጣቶቿ አልሆን ሲላት በጭብጧ ጨምድዳ ትይዘዋለች፣ እንዳይበርደው። ጡት መጣሏ ነው። ከነገ ወዲያ ከዚያ ሆኜ ስደውል፣ ስልኩ ላይ ፊቴን እንዳየች መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ምን እንደሆነም አሁን ይገባኛል። ዓመቱን ሙሉ ምን ብዬ እንደምመልስላት አላውቅም።

ሸሚዙን እንደጨበጠች ጎንበስ ትላለች፣ በጨርቁ ላይ፣ ከቅድሙ ቀስ ብላ፣

«እፍፍ።»