ዚፑ በየት በኩል ነው?

«ማሎ ቲቸር... እባክሽ፣ ዚፑ በየት በኩል ነው? በፊት ነው በጎን?»

ባየሽ ከመጋረጃው ጀርባ ይህን ስትሰማ የያዘችው የሻይ ብርጭቆ እጇ ላይ ቀረ...

ጠያቂው የገዛ ባሏ ነው።

ተጠያቂዋ ደግሞ... ዱሬቲ።

ነገሩ የሆነው አምቦ ነው፣ በዘጠናዎቹ አጋማሽ።

ነገራ ልብስ ሰፊ ነው። የወንድ ሱሪና የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፋ ነው ያረጀው። ከፊት ሱቅ፣ ከመጋረጃው ጀርባ መኖሪያ ቤቱ።

ዱሬቲ ደግሞ ከባኮ የመጣች አዲስ አስተማሪ ናት። ቀጭን፣ መለሎ... ሱሪ ለባሽ።

ያኔ ሱሪ የለበሰች ሴት በአምቦ ገበያ ስታልፍ ሰው ሥራ ይፈታ ነበር። ወንዱ በዓይኑ ይሸኛታል፣ ሴቱ በአፉ።

ከሁሉም የባየሽ አፍ ይብስ ነበር።

«ሱሪ የወንድ ነው። እናት የላትም እንዴ ይቺ ልጅ?» ትላለች፣ ዱሬቲ ባለፈች ቁጥር።

ታዲያ አሁን ያቺው ልጅ ባሏ ሱቅ ውስጥ ቆማ እየሳቀች፣

«በጎን ነው ኦቦ ነገራ። ይኸው፣ የኔን ይዩት» አለችው።

ባየሽ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየች...

ነገራ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ጎንበስ ብሎ የልጅቷን ወገብ ያያል።

ደሟ ፈላ።

ገብታ ብትጮህ ይሻል ነበር። አልጮኸችም። በማግስቱ የዱሬቲ አከራይ ድንቅቱ ቤት ሄደች።

«ያከራየሻት አስተማሪ የሰው ባል ምን እያስተማረች እንደሆነ ታውቂያለሽ? ዚፕ በየት በኩል እንደሚከፈት!»

ድንቅቱ ፕሮቴስታንት ናት፣ ባየሽ ኦርቶዶክስ። በጾሙም በጸሎቱም ተስማምተው አያውቁም። በሱሪ ጉዳይ ግን አንድ ሆኑ።

ዱሬቲ ቤቱን ልቀቂ ተባለች። ሌላ ቤት ፈለገች... ወሬው እየቀደማት የሚያከራያት ጠፋ።

ባየሽ ግን አልበረደላትም።

አንድ ቀን ነገራ ክር ሊገዛ ወጣ ሲል የጨርቁን ክምር በረበረች። ከሥር... አዲስ ጥቁር የሴት ሱሪ።

ዚፑ በጎን።

መቀሱን አነሳች። አንዱን እግር ከታች ጀምራ እስከ ጉልበቱ ሰነጠቀችው...

ነገራ በሩ ላይ ደረሰ። ሱሪውን አየ። መቀሱን አየ።

«ጨረስሽ?» አላት።

«ገና ነኝ! ለውሽማህ የሰፋኸውን ቆራርጬ ነው የማለብሳት!»

«ለማን?»

«ለዱሬቲ ነዋ!»

ነገራ ሱሪውን ከእጇ ወሰደ። ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ ዘረጋው።

«እስቲ እዪው ባየሽ... እዚህ ውስጥ ዱሬቲ ብትገባ ሌላ ዱሬቲ አይጨምርም?»

ባየሽ አየችው።

ሰፊ ነው። ዳሌው ሰፊ፣ ቁመቱ አጭር።

የራሷ ልክ።

«ጌዶ ገበያ ቅቤ ልትገዢ ሄደሽ፣ አይሱዙ ላይ ስትወጪ ቀሚስሽ የተቀደደ ጊዜ... ጎረምሶቹ የሳቁብሽ ጊዜ... እያለቀስሽ ምን አልሽኝ?»

ባየሽ መቀሱን አስቀመጠች።

«"ሱሪ የለበሰ ታድሎ" አልሽኝ። እኔ የሴት ሱሪ ሰፍቼ አላውቅም። ዚፑን በፊት ባደርገው የባሏን ሱሪ ለበሰች ብለው ይስቁብሻል ብዬ ቲቸርን ጠየቅኩ።»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«ሰው ምን ይለኛል ብለሽ እምቢ ትያለሻ።»

እውነቱን ነው። ባየሽ ሱሪ ጠልታ አታውቅም። ያቃጠላት፣ እሷ የፈራችውን ልጅቷ ሳትፈራ መልበሷ ነበር።

ነገራ «ቲቸር ዛሬ ወደ ባኮ ልትሄድ ነው» ሲላት፣ ነጠላዋን አንጠልጥላ ወደ መናኸሪያ ሮጠች።

ዱሬቲ የባኮ አውቶቡስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች። ፍራሿ ከላይ ታስሯል። ሥራዋን ለቃ ወደ እናቷ ልትመለስ ነው።

ባየሽ መስኮቱ ሥር ቆመች።

ቀድማ የተናገረችው ዱሬቲ ናት።

«አዴ ባየሽ... ሱሪው ልክ ሆነልዎት?»

ባየሽ እንባዋ መጣ። «እያወቅሽ ለምን ለድንቅቱ አልተናገርሽም?»

«ልናገር ነበር። ግን ኦቦ ነገራ ምስጢር ነው ብለውኛል። ባልዎት የደከሙበትን ስጦታ ከሰው አፍ ከሚሰሙት ዝም ብል ይሻላል ብዬ ተውኩት።»

አውቶቡሱ ተነሳ...

ነገራ የተቀደደውን መልሶ ሰፋው። ጥሩ እጅ አለው፣ ግን ከጉልበት በታች ያለው መስመር አልጠፋም።

ባየሽ ያንን ሱሪ ለብሳ ጌዶ ወረደች። አይሱዙውም ላይ እንደ ልቧ ወጣች። የሳቀባት አልነበረም።

አምቦ ስትመለስ ግን ድንቅቱ ከደጇ ላይ ሆና ለጎረቤቷ፣

«ሱሪ የወንድ ነው። እናት የላትም እንዴ ይቺ ሴት?» ስትል ሰማቻት።

የራሷ ቃል ነው። አቀርቅራ አለፈች።

ወዳጆቼ... ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቅናት ዓይን አለው፣ ሜትር ግን የለውም። ወገቡን ሳይለካ ሱሪው የማን እንደሆነ ይፈርዳል። የሰው ልብስ ላይ አፋችንን ከመክፈታችን በፊት እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ... ጠልተነው ነው ወይስ አምሮን?

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ጥፋቱ ሳታጣራ ያወራችው የባየሽ ነው፣ ሰምታ ያባረረችው የድንቅቱ፣ ወይስ ስጦታውን የደበቀው የነገራ? ደግሞ እውነቱን ተናገሩ... በዱሬቲ ቦታ ብትሆኑ ዝም ትሉ ነበር?