ጠምዶ ማየት

ባለሱቁ ብርማውን ላፕቶፕ ወደ ሀኒያ ገፋ አደረገው። «ፕሮሰሰሩ አዲስ ነው እህቴ፣ ዊንዶውሱም የመጨረሻው። ለዲዛይን ሐይቅ ከተማን ብታስሺ ከዚህ የተሻለ አታገኚም።» ከጀርባው ጠረጴዛ ላይ እሱ ራሱ ባነር የሚሠራበት የተጫጫረ ጥቁር ላፕቶፕ እንደተከፈተ ነበር። ሀኒያ ብርማውን አብርታ አይታዋለች፤ ወዲያው ነው የተነሳላት። የመጀመሪያ ሥራዋን፣ የጤና ኬላውን ንድፍ፣ በማግስቱ ውጫሌ ወስዳ ማስረከብ ነበረባት። የላፕቶፑን ካርቶን ልትቀበል እጇን ዘረጋች።

«ቆይ እስቲ» አሉ አባቷ፣ በሩ ጋ ዱላቸውን እንደተደገፉ። «ባዶውንማ ማንም ይራመዳል። እኔ በሬ ስገዛ ጠምጄ፣ ሁለት ትልም አሳርሼ ነው። ሥራሽን ጫኚበት።»

ባለሱቁ ሳቀ። ሀኒያ በሀፍረት ጆሮዋ ድረስ ጋለች፤ ቢሆንም ፍላሿን ሰክታ ንድፉን ከፈተች። ሕንፃውን በስክሪኑ ላይ ልታዞረው ስትል ጣሪያው ግማሽ መንገድ ሄዶ ቀጥ አለ። የላፕቶፑ ማራገቢያ ማጓራት ጀመረ። አባቷ ቀረብ ብለው፣ የበሬ ጎን እንደሚዳስሱ ሁሉ መዳፋቸውን ከሥሩ ሰደዱ፤ አቃጥሏቸው ወዲያው መልሰው አወጡት። ስክሪኑ ጠቆረ።

«ምንም አይደል፣ መብራቱ ነው» አለ ባለሱቁ ተቻኩሎ። «ዛሬ ኃይል የለውም።»

አባቷ አልተቆጡም። በዱላቸው ጫፍ ከባለሱቁ ጀርባ ወዳለው ጠረጴዛ አመለከቱ።

«ወላሂ አልከራከርህም ልጄ። ብቻ አንተ ራስህ የምታርሰው በየትኛው ነው?»

የባለሱቁ እጅ ሳያስበው ወደ ኋላ ሄዶ ጥቁሩን ላፕቶፕ ከደነው።